ዓይኔ ሥዕሉ ላይ፣ ልቤ ወንዙ ላይ

የምክር ዓምድ

«ይድረስ ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፦

የ36 ዓመት ሴት ነኝ፤ ሥራዬ ሒሳብ መያዝ ነው። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ ያልተለየችኝ አንዲት ጓደኛ አለችኝ። እርሷ ሥዕል ትወዳለች፤ እኔ እርሷን እወዳለሁ። ባለፈው ዓመት በአንድ የዕረፍት ቀን ወንዝ ዳር ወዳለ ትልቅ የሥዕል ጋለሪ ወሰደችኝ። “ዘና ብለን እንውላለን” ነበር ያለችኝ። በሩ እንደተከፈተ ገብተን 18 ክፍሎች አዞረችኝ፤ ቆጥሬያቸዋለሁ። በየሥዕሉ ፊት እየቆመች ታብራራለች፣ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። ከአምስተኛው ክፍል በኋላ የማስበው ስለ እግሬ ብቻ ነበር። በየመስኮቱ ወንዙ ሲታየኝ “ምናለ እዚያ ቁጭ ባልኩ” እላለሁ።

በመጨረሻ ዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ብቻ የተቀባ አንድ ትልቅ ሸራ ፊት ቆምን። “ምን ተሰማሽ?” አለችኝ። ምንም አልተሰማኝም። ዝም ማለት አሳፍሮኝ “ጥልቅ ነው” አልኩ። ፈገግ አለችና “አንቺ እኮ ሥዕል አይገባሽም፤ ይህንኑ ብትነግሪኝ ምን አለበት?” አለችኝ። ቀልዳ ይሆናል፤ የእኔ ደም ግን ፈላ። “ድሮም የመጣሁት ላንቺ ብዬ ነው” ብያት ወጣሁና ወንዙ ዳር ካለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እርሷ የመጣችው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። ወደ ቤት ስንመለስ መኪናው ውስጥ የሚያወራው ሬዲዮው ብቻ ነበር።

አልተጣላንም። እንደዋወላለን፣ እንገናኛለን። ያንን ቀን ግን አንስተነው አናውቅም። አሁን እዚያው ጋለሪ አዲስ ዐውደ ርዕይ ስለተከፈተ “ከሁለት ሳምንት በኋላ እንሂድ፣ በዚህ ጊዜ ረጋ ብለን እንዋል” ብላ ጋብዛኛለች። ሰበብ ፈልጌ ልቅር? ወይስ ስለ ሥዕል አንብቤ፣ ተዘጋጅቼ ልሂድ? ደግሞ (አይሳቁብኝ) ምን ዓይነት ጫማ ላድርግ?

ከወንዙ ዳር የቀረሁት»

ዕድሜሽን ስለነገርሽኝ «አንቺ» ልልሽ ነው፤ ከታናሽ እህቴ ጋር እኩያ ነሽ።

ሰበብ አትፈልጊ። ለማንበብም አትቸኩዪ። ሁለት ሳምንት አንብበሽ ብትሄጂ የሚተርፍሽ ነገር ቢኖር «ጥልቅ ነው» የሚለውን ቃል በሌላ ረዘም ባለ ቃል መተካት ብቻ ነው፤ ጓደኛሽም ያንን ሁለተኛውን ቃል እንደ መጀመሪያው ትይዘዋለች። ሂጂ፤ አካሄዱን ግን እንለውጠው።

እስቲ መጀመሪያ ወደዚያ ሰማያዊ ሸራ እንመለስ። ጓደኛሽ ሁለት ነገር ነው ያለችሽ፤ አንቺ ይዘሽ የወጣሽው አንዱን ብቻ ነው። አንዱ «ሥዕል አይገባሽም» የሚለው ነው። ይህ ስሕተትም ነው፣ ያማልም፤ «ቀልዳ ይሆናል» እያልሽ ልታለሳልሺላት አይገባም። ሌላው «ይህንኑ ብትነግሪኝ ምን አለበት?» የሚለው ነው። እኔን የያዘኝ ይኼኛው ነው። 18 ክፍል ሙሉ ከሚነቀነቅ ራስ ጋር ስታወራ የዋለች ሰው ንግግር ይመስለኛል። አንቺ እዚያ ውስጥ ብቻሽን ነበርሽ፤ እርሷም ብቻዋን ነበረች። ከትምህርት ቤት ጀምሮ የምታውቅሽ ጓደኛ የራስሽ አነቃነቅ የትኛው የእውነት፣ የትኛው የይሉኝታ እንደሆነ ሳትለየው የምትቀር ይመስልሻል?

አበው «ዝም አይነቅዝም» ያሉት ለእንዲህ ያለው ሰዓት ነው። ዝምታሽን እንዳለ ብትተዪው ወይም «እኔ ምንም አልተሰማኝም፤ አንቺስ?» ብትያት ኖሮ ያ ቀን ምናልባት በሌላ መንገድ ያልቅ ነበር። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም። እርሷ በቃል አጠፋች፣ አንቺ በይሉኝታ አጠፋሽ፤ ሒሳቡ እኩል ለእኩል ነው ብዬ ነው የምዘጋው። መዝገቡን አንቺ ከፈለግሽ በሌላ መንገድ ልትዘጊው ትችያለሽ።

በነገራችን ላይ፣ አንድ ቀለም ብቻ የተቀባ ሸራ ፊት ቆሞ «ምንም አልተሰማኝም» ማለት የሚያሳፍር ነገር አይደለም። እንዲህ ያለው ሥዕል «ትርጉሜ ምንድን ነው?» ብሎ አይጠይቅሽም። ዓይንሽን ነው የሚፈልገው። በሚቀጥለው ጊዜ ብታገኚው እንዲህ አድርጊ፦ መካከሉ ላይ አንድ ነጥብ ምረጪና ዓይንሽን ሳታንቀሳቅሺ አንድ ደቂቃ ያህል እዪው። ሰማያዊውን የሚቀበለው የዓይንሽ ክፍል ቀስ በቀስ ይዝላል። ያኔ ዓይንሽ ትንሽ ፈቀቅ ባለ ቁጥር በሸራው ጠርዝ ዙሪያ ወደ ቢጫ የሚያደላ ቀጭን ብርሃን ሲበራና ሲጠፋ ታያለሽ። ፊትሽን ወደ ነጩ ግድግዳ ብታዞሪ ደግሞ እዚያ ላይ ማንም ያልሣለው፣ ገርጣ ያለ ቢጫ አራት ማዕዘን ተንሳፍፎ ይጠብቅሻል። ይህን ለማየት የሥነ ጥበብ ታሪክ ማወቅ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው አንድ ደቂቃ ነው፤ አንቺ ደግሞ በ18ኛው ክፍል ላይ አንድ ደቂቃ አልቀረሽም ነበር።

አሁን ወደ ድካሙ ልምጣ፤ የነገሩ ሥር እዚህ ይመስለኛል። አንቺ ሒሳብ ያዥ ነሽና አብረን እናስላው። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ አንድ ጥናት በኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ጎብኚዎች በአንድ ሥዕል ፊት ምን ያህል እንደሚቆሙ ለክቶ ነበር። አማካዩ 27 ሰከንድ ያህል ነው፤ ከዕይታዎቹ ግማሹ ደግሞ ከ17 ሰከንድ አላለፉም። እንግዲህ በአንድ ክፍል 20 ሥዕል አለ ብንል፣ 18 ክፍል 360 ሥዕል ነው። በ27 ሰከንድ ሲባዛ 9,720 ሰከንድ፣ ማለትም ሁለት ሰዓት ከ42 ደቂቃ ይመጣል። ይህ ከክፍል ወደ ክፍል የሚኬደውን ሳይጨምር ነው። ጓደኛሽ የምታብራራበትንም አልቆጠርኩም። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሰውነትሽ ትንሽ ይራመዳል፣ ይቆማል፣ ትንሽ ይራመዳል፣ ይቆማል። ከቀጥታ መንገድ ይልቅ እንዲህ ያለው አካሄድ እግር እንደሚያዝል ሱቅ ለሱቅ የዞረ ሁሉ ያውቀዋል።

ለዚህ ድካም ስም ከወጣለት መቶ ዓመት አልፎታል። እ.ኤ.አ. በ1916 የቦስተኑ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ጸሐፊ የነበሩት ቤንጃሚን አይቭስ ጊልማን «የሙዚየም ድካም» በሚል ርዕስ አንድ ጽሑፍ አውጥተው ነበር። ያደረጉት ነገር ቀላል ነው። አንድ ሰው በመስታወት ሣጥን ውስጥ የተቀመጡ ዕቃዎችን እንዲያይና መግለጫቸውን እንዲያነብብ አዘዙና ፎቶግራፍ አነሱት። ሰውዬው ሲያጎነብስ፣ ሲንበረከክ፣ አንገቱን ሲያሰግግ ይታያል። የጊልማን መደምደሚያ ጥፋቱ የጎብኚው ስንፍና አይደለም፣ የዕቃው አቀማመጥ ነው የሚል ነበር። ስለዚህ ከአምስተኛው ክፍል በኋላ ስለ እግርሽ ማሰብሽ አለማወቅሽን አያሳይም። እግር እንዳለሽ ነው የሚያሳየው። የእኔ ግምት ደግሞ ጓደኛሽም ደክሟት ነበር። የደከመው ሰው ምላሱ ይቀድመዋል።

ቀጥሎ ያለው ነገር ወንዙ ነው። በደብዳቤሽ ውስጥ እንደ ጥፋት አድርገሽ ነው የጻፍሽው፤ በየመስኮቱ ወንዙን ስታዪ ከትምህርት ቤት አጥር ላይ የተያዘች ተማሪ የሆንሽ ይመስላል። እኔ ግን ወንዝ ዳር ያለ ጋለሪ ገብቶ ወንዙን ያላየ ሰው ነው ግማሹን ትቶ የወጣው እላለሁ።

አስቢው፤ ከእነዚህ ሕንፃዎች አንዳንዶቹ ወንዝ ዳር የተሠሩት ለሥዕል ተብሎ አይደለም። በፓሪስ ሴን ወንዝ ዳር ያለው የኦርሴ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1900 ለዓለም አቀፉ ኤግዚቢሽን የተከፈተ የባቡር ጣቢያ ነበር። በኋላ ባቡሮቹ ረዘሙና የመሳፈሪያው መድረክ አጠራቸው፤ ሕንፃው ብዙ ተንከራትቶ በ1986 ሙዚየም ሆነ። የጣቢያው ግዙፍ ሰዓት ዛሬም አለ። ጎብኚዎች ከመስታወቱ ጀርባ ቆመው በቁጥሮቹ መካከል ወንዙን ያያሉ። ለንደን ውስጥ ቴምዝ ዳር ያለው ቴት ሞደርን በ2000 ከመከፈቱ በፊት የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነበር፤ ነዳጁ በጀልባ ይመጣለት ነበር፣ ሙቀቱንም የሚያበርደው በወንዙ ውሃ ነበር። በስፔን ቢልባዎ ከተማ በ1997 የተከፈተው የጉገንሃይም ሙዚየም የቆመው ቀድሞ ወደብና ፋብሪካ በነበረ የኔርቪዮን ወንዝ ዳርቻ ላይ ነው። በእነዚህ ቦታዎች ቀድሞ የነበረው ውሃው ነው፤ ሥዕሎቹ በኋላ የመጡ ተከራዮች ናቸው። (ወንዝ ጎረቤት ነው፤ አንዳንዴም ሳይጠራ ይገባል። በሰኔ 2016፣ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር፣ ሴን ሲሞላ የፓሪሶቹ ሙዚየሞች ሉቭርና ኦርሴ በራቸውን ዘግተው በምድር ቤት ያሉ ሥራዎችን ወደ ላይ ሲያወጡ ሰነበቱ።)

እንዲያውም አንድ ታላቅ ሠዓሊ ውሃን ራሱን ግድግዳ ላይ አምጥቶ ተመልካቹን አስቀምጦታል። ክሎድ ሞኔ በአትክልቱ ስፍራ ያለውን ኩሬና በላዩ የሚንሳፈፉትን አበቦች በመጨረሻዎቹ ዓመታቱ በትልልቅ ሸራ ላይ ሣላቸው። ከመካከል የዓይን ሞራ ግርዶሽ ይዞት እ.ኤ.አ. በ1923 ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። በታኅሣሥ 1926 ሞተ፤ ሥራዎቹ በ1927 በፓሪስ ኦራንዠሪ ሙዚየም ለሕዝብ ተከፈቱ። ሁለት እንቁላል ቅርፅ ያላቸው ክፍሎች ናቸው፤ በግድግዳው ዙሪያ 8 ግዙፍ ሥዕሎች ሁለት ሜትር ያህል ቁመት ይዘው ይዞራሉ። በክፍሎቹ መካከል መቀመጫ አለ። ሰው እዚያ ይቀመጣል፣ ዝም ይላል፣ ውሃ ያያል። ያንቺ አግዳሚ ወንበር ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ታዲያ ምን ታደርጊ? መጀመሪያ ያንን ቀን አንሺው። «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» እየተባባላችሁ አንድ ዓመት ሞልቷችኋል። ይቅርታ የሚጠያየቁበት ረጅም ንግግር አያስፈልግም፤ እንዲያውም ያበላሸዋል። ግብዣውን ስትቀበዪ በዚያው መልእክት ላይ እንዲህ ብትዪ ይበቃል፦ «እመጣለሁ። ያለፈው ጊዜ እግሬ ደክሞኝ ነበር፤ ደግሞ ያልገባኝን ገባኝ ብዬሻለሁ። አይገባሽም ስትዪኝም ከፍቶኛል። በዚህ ጊዜ ሦስት ክፍል ብቻ እንይና ወንዙ ዳር እንቀመጥ።» አራት ዓረፍተ ነገር ነው፤ አንዱ ለግብዣው መልስ፣ አንዱ ያንቺ ጥፋት፣ አንዱ የእርሷ፣ ሌላው የወደፊቱ። የምትልክልሽን መልስ አላውቅም። ነገር ግን «ረጋ ብለን እንዋል» ብላ የጋበዘችሽ እርሷ ናት፤ «በዚህ ጊዜ» የምትለዋን ቃል ደግሞ ዝም ብላ አልጨመረቻትም።

ሦስት ክፍል ስልሽ የምሬን ነው። የቀረው ይቅር። የቀረ ሥዕል አይቆጣም፤ ሌላ ቀን ትመለሱበታላችሁ። በር ላይ ስትገቡ ቲኬቱ በዚያው ቀን ወጥቶ ለመመለስ ይፈቅድ እንደሆነ ጠይቁ፤ የሚፈቅዱ አሉ፣ የማይፈቅዱም አሉ፤ የቀኑ አካሄድ በዚህ ይወሰናል። ከፈቀደ፣ ሁለት ክፍል አይታችሁ ውጡና ወንዙ ዳር ተራመዱ፤ ሦስተኛውን ከሰዓት በኋላ ግቡበት። ካልፈቀደ ሦስቱንም ረጋ ብላችሁ ጨርሱና የቀረውን ቀን ለወንዙ ስጡት። ቦርሳሽን ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ተዪው። ትከሻ ላይ የተንጠለጠለ ነገር ሁሉ ከሁለተኛው ሰዓት በኋላ ይከብዳል፤ በጀርባ የሚታዘል ከሆነ ደግሞ ሥዕል እንዳይነካ ጥበቃዎቹ ራሳቸው ያስወርዱሻል።

ክፍሉ ውስጥ ስትገቡ ደግሞ ተለያዩ። አዎ፣ ተለያዩ። እርሷ በግራ፣ አንቺ በቀኝ። ይህ ኩርፊያ አይደለም። የሁለት ሰው ዓይን በአንድ ፍጥነት አይሄድም፤ እንዲሄድ ሲገደድ ነው አንዱ አስጎብኚ፣ ሌላው ተጎታች የሚሆነው። እያንዳንዳችሁ አንድ ሥዕል ምረጡ፤ ከዚያ ተገናኙና አንዳችሁ ሌላችሁን ወደመረጣችሁት ውሰዱ። የመረጥሽበትን ምክንያት መናገር ግዴታ የለብሽም። «ይህችን ሴትዮ እጇን አየሁትና አዘንኩላት» ማለት ይበቃል። «ፍሬሙ ነው ደስ ያለኝ» ካልሽም ደስ ያለሽ ፍሬሙ ነው፤ አለቀ።

አንዱን ሥዕል እንዴት እንደሚያዩት ከጠየቅሽኝ ከራሴ ልንገርሽ። ከብዙ ዓመት በፊት ከአንዲት ወዳጄ ጋር አንድ ጋለሪ ገብቼ፣ ከበር አጠገብ ሰው ሁሉ የሚያልፈው ትንሽ ሥዕል ፊት ቆምኩ። ከሁለት መዳፍ አይበልጥም። ወንዝ፣ አንድ ጀልባ፣ ማዶ ዛፎች። ተራ ነገር። ጠጋ ስል ግን ውሃው ጠፋ! አግድም የተሰመሩ ሦስት ግራጫ የብሩሽ ምቶች ነበሩ፣ ሌላ ምንም። ሦስተኛው ላይ ብሩሹ ቀለም ጨርሶ ኖሮ የሸራው ድርና ማግ በመካከል ይታያል። ከጀልባዋ ሥር አንዲት የምስር ፍሬ የምታህል ቢጫ ጠብታ አለች፤ ቀለሙ ወፍሮ ስለደረቀ ከጎን ሲያዩት ጥላ ይጥላል። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ስመለስ ግራጫው ውሃ ሆነ፣ ጠብታዋ ደግሞ በውሃው ላይ የተንጸባረቀ ፋኖስ። ፋኖሱ ራሱ ግን ጀልባዋ ላይ የለም። ፈለግሁት፤ የለም። ሠዓሊው ነጸብራቁን ሥሎ ፋኖሱን ትቶታል። ረስቶት ይሁን አውቆ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ወዳጄን ጠርቼ ሳሳያት ግማሽ ሰዓት ተከራከርን፤ ያ ክርክር ዛሬም አላለቀም። ከዚያ ቀን የማስታውሰው ሌላ ሥዕል የለም።

ስለዚህ ቅረቢ፣ ራቂ፣ ከጎን እዪ። መግለጫውን መጨረሻ ላይ አንብቢው። ቀድመሽ ካነበብሽው ዓይንሽ ሥዕሉ ላይ የሚፈልገው ያነበበውን ብቻ ነው።

መግለጫው ላይ ግን ላንቺ የሚሆን አንድ ነገር አለ፤ ጓደኛሽ አስተውላው እንደማታውቅ እገምታለሁ። ከሠዓሊው ስም፣ ከዓመቱና «የዘይት ቀለም በሸራ ላይ» ከሚለው በታች፣ ብዙ ጊዜ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ቁጥር አለ። ያ የንብረት መዝገብ ቁጥር ነው። በብዙ ሙዚየሞች የመጀመሪያው ክፍል ሥራው ወደ ስብስቡ የገባበት ዓመት ነው፤ ከነጥቡ በኋላ ያለው ደግሞ በዚያ ዓመት የገባበት ተራ። ከጎኑ በስጦታ ይሁን በኑዛዜ ወይስ በግዢ እንደተገኘ ይጻፋል። ሥዕሉ የተሣለበትን ዓመት ከገባበት ዓመት ቀንሺ፤ በመካከል ስንት ዓመት የማን ሳሎን ውስጥ ተሰቅሎ ኖረ? ለምን ሰጡት? አንድ ግድግዳ ላይ ያሉ አምስት ሥዕሎች በአንድ ዓመት፣ ከአንድ ሰው የገቡ ከሆኑ ምን ተፈጥሮ ይሆን? ጓደኛሽ ስለ ብሩሹ ታውራ፤ አንቺ ደግሞ መዝገቡን አንብቢላት። ወደ ሥዕል የሚወስደው በር አንድ ብቻ አይደለም፤ አንቺ በሒሳብ ያዥ በር መግባት ትችያለሽ።

ስለ ማብራሪያዋ አንድ ቃል ልጨምር። የሚያብራራ ሰው ሁሉ ትምክህተኛ አይደለም። ስስታም ሰው የሚወደውን ነገር ደብቆ ይይዛል፤ ጓደኛሽ ያላትን ሁሉ በአንድ ቀን ልትሰጥሽ ፈለገች፣ አንቺም ተሸክመሽ መሄድ አቃተሽ። «ይህንን ወንዙ ዳር ስንቀመጥ ንገሪኝ» ብትያት ደስ ይላታል እንጂ አይከፋትም። እውነቱን ለመናገር፣ ሰው ጎን ለጎን ሲራመድ ወይም አንድ ውሃ ሲያይ ፊት ለፊት ተፋጦ የማይወጣው ቃል ይወጣዋል። ያንን ሰማያዊ ቀን ማንሳት ካለባችሁ የምታነሡበት ቦታ እዚያ ነው፤ ድምፅ በሚያስተጋባ አዳራሽ ውስጥ አይደለም።

ጨለም ያለ ክፍል ካጋጠማችሁ አትደነቁ፤ መብራት ቆጥበው አይደለም። በወረቀት ላይ የተሠሩ ሥራዎች፣ የውሃ ቀለም፣ ንድፍ፣ ፎቶግራፍ፣ ብርሃን ያደበዝዛቸዋል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ከ50 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) በማይበልጥ ብርሃን ነው የሚታዩት። ለዘይት ቀለም እስከ 200 ይፈቀዳል። የወንዙ ነጸብራቅ በመስኮት ገብቶ ግድግዳው ላይ ሲጨፍር ቢያምርም ለሥዕሉ ጠላቱ ነው፤ በወንዙ በኩል ያሉት መስኮቶች ብዙ ጊዜ መጋረጃቸው የሚወርደው ለዚህ ነው። ከውጭ ብርሃን ወደዚያ ስትገቡ ጥቂት ደቂቃ ቁሙ፤ ዓይን ሲለምድ ቀስ እያለ ሁሉም ነገር ከጨለማው ይወጣል።

እርሳስና ጥቂት ወረቀት ያዙ። እርሳስ ያልኩት ብዙ ጋለሪዎች በሥራዎቹ አጠገብ እስክሪብቶ ስለማይፈቅዱ ነው። ወንዙ ዳር ስትቀመጡ እያንዳንዳችሁ የመረጣችሁትን ሥዕል ሳታዩ ከአእምሮ ለመሣል ሞክሩ። አስቀያሚ ነው የሚወጣው፤ የእኔም እንደዚያው ነው። የጀልባዋ ሰዎች ሁለት ነበሩ ሦስት? ሴትዮዋ ወደ ግራ ነበር ወደ ቀኝ የምታየው? ትከራከራላችሁ። ቲኬቱ ከፈቀደ ተመልሳችሁ ገብታችሁ ታረጋግጣላችሁ፤ ሦስተኛው ክፍል ደግሞ እየጠበቃችሁ ነው።

ጫማውን ልረሳው ነበር። አልሳቅሁብሽም፤ ከሦስቱ ጥያቄዎችሽ ጥሩው እርሱ ነው። ተረከዝ የሌለው፣ ሶሉ ወፈር ያለ፣ ከዚህ በፊት ያደረግሽው ይሁን፤ አዲስ ጫማ በዚያ ቀን አትጀምሪ። የጋለሪ ወለል ብዙ ጊዜ ድንጋይ ወይም ሲሚንቶ ስለሆነ እግርን መልሶ ይመታል። የወንዝ ዳር ደረጃ ደግሞ ሲረጥብ ያንሸራትታል፤ ሶሉ ለስላሳ ፕላስቲክ ከሆነ ቤት ተዪው። ለጓደኛሽም ንገሪያት።